የሜክሲኮ የሙታን ቀን ኦፍሬንዳ፦ ዳቦው ሳይበላሽ፣ አበባው ሳይጠወልግ፣ ቤቱም ሳይቃጠል

ኦፍሬንዳ ሜክሲኳውያን ለሞቱ ዘመዶቻቸው የሚያዘጋጁት የመታሰቢያ ጠረጴዛ ነው። መሥራቱ ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ነው። ጠረጴዛ፣ ፎቶ፣ አበባ፣ ሻማ፣ አለቀ። ሲገቡበት ግን አበባው ቀኑ ሳይደርስ ይጠወልጋል። የወረቀቱ ጌጥ ሻማ ላይ ይወድቃል። በስንት ጥንቃቄ ዳቦው ላይ የተሠራው አጥንት ኦቨን ውስጥ ገብቶ ይጠፋል። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ሜክሲኳዊቷ አማታችሁ መጥተው ጠረጴዛው ላይ ያለውን ፎቶ ሲያዩ ፊታቸው ልውጥ ሲል ነው። ምክንያቱን ደረጃ 1 ላይ ታገኙታላችሁ።

ይህ መመሪያ አሜሪካ ውስጥ ከሜክሲኮ ሰዎች ጋር ተጋብታችሁ፣ ተጎራብታችሁ ወይም አብራችሁ እየሠራችሁ ዘንድሮ ጠረጴዛው በእናንተ ተራ ለደረሰ ነው። የልጃችሁ ትምህርት ቤት «ኦፍሬንዳ ቤታችሁ ሠርታችሁ አምጡ» ካላችሁም ይሆናል። ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ። አብዛኛው ሰው የሚቸገረው ከጌጡ ስለሚጀምር ነው።

## መጀመሪያ ቀኑን አትሳቱ

ዲያ ዴ ሙዌርቶስ፣ ማለትም የሙታን ቀን፣ ኖቬምበር 1 እና 2 ይከበራል። በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 22 እና 23 ነው። ጳጉሜ 6 ቀን በሆነችበት ማግስት በሚገባው ዓመት ደግሞ ጥቅምት 21 እና 22 ይሆናል።

የመጀመሪያው ቀን ለሞቱ ሕፃናት ነው፤ ሁለተኛው ለአዋቂዎች። በብዙ ቤት እንደሚታመነው የልጆቹ ነፍስ ኦክቶበር 31 እኩለ ቀን ላይ ትገባለች። በማግስቱ እኩለ ቀን አዋቂዎቹ ይተካሉ። ኖቬምበር 2 እኩለ ቀን ላይ እነሱም ይሸኛሉ። በአንዳንድ አካባቢ ኦክቶበር 28 በአደጋ ወይም በሰው እጅ ለሞቱ የተለየ ቀን ነው። ሰዓቱ ከቤት ቤት ስለሚለያይ የቤቱን ትልቅ ሰው ጠይቁ። የሚጠይቁት ሰው ከሌለ ጠረጴዛው ኦክቶበር 31 ከእኩለ ቀን በፊት ቆሞ ይጠብቅ።

ሁለት ነገር ከአእምሯችሁ አውጡ። ይህ ሃሎዊን አይደለም፤ ከሃሎዊን መደርደሪያ የተገዛ ሸረሪት፣ ደም የተቀባ እጅና ጠንቋይ እዚህ ቦታ የለውም። ልቅሶም አይደለም። ጥቁር ለብሳችሁ፣ ነጠላ አዘቅዝቃችሁ አትግቡ። ቤተሰቡ የሚጠብቀው እንግዳ ስላለው ነው የሚያዘጋጀው። ይበላል፣ ይጠጣል፣ ስለ ሟቹ ይወራል፣ ይሳቃል።

ታሪኩን ባጭሩ፦ ስፔኖች ከመምጣታቸው በፊት የነበረው የአገሬው ሕዝብ የሙታን መታሰቢያ ከካቶሊኩ የቅዱሳን ሁሉ ቀንና የሙታን ቀን ጋር ተዋሃደ። ዩኔስኮ በ2008 በማይዳሰሱ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ አስፍሮታል። ከዚህ በላይ ለጠረጴዛው አያስፈልጋችሁም።

## ዝግጅት፦ ምን፣ መቼ?

ኦክቶበር ከመግባቱ በፊት የሟቹን ፎቶ ፈልጉ፤ ማሳተም ካስፈለገም አሳትሙ። ብዙ ጊዜ የሚያዘገየው ይኸኛው ነው።

ኦክቶበር አጋማሽ ላይ ከሜክሲኮ ግሮሰሪ እነዚህን ግዙ፦

- ቤላዶራ የሚባለው በብርጭቆ ውስጥ ያለ ረጅም ሻማ። በሟች አንድ፣ በተጨማሪም አንድ።
- ኮፓል የሚባለው ዕጣንና በራሱ የሚቀጣጠል ክብ ከሰል።
- ስስ ባለቀለም ወረቀት፤ ወይንጠጅ፣ ብርቱካናማ፣ ሮዝ፣ ነጭ። አልያም ፓፔል ፒካዶ የሚባለው ተቆርጦ ያለቀ የወረቀት ጌጥ።
- የስኳር ራስ ቅል፤ ትናንሾቹ ይበቃሉ።
- የብርቱካን አበባ ውሃ። የሜክሲኮ ግሮሰሪ ካጣችሁት ከዓረብ ሱቅ አይጠፋም።

አበባውን እስከ ኦክቶበር 29 ወይም 30 አትግዙ፤ ግን ቀድማችሁ እዘዙ። ኦክቶበር 31 ጠዋት ሱቅ ብትሄዱ የምታገኙት የተረገጠ ቅጠል ነው። ዳቦውን ኦክቶበር 30 አቡክታችሁ 31 ጠዋት ጋግሩ።

የስኳር ራስ ቅሉን ራሴ እሠራለሁ የምትሉ፣ በመጀመሪያው ዓመት ተዉት። ስኳሩ ትንሽ ውሃ ከበዛበት ከቅርጹ አይወጣም፤ አየሩ እርጥብ ከሆነ ለቀናት አይደርቅም። ሜክሲኮም ውስጥ ብዙው ሰው ገዝቶ ነው የሚያስቀምጠው፤ የቶሉካ ከተማ ለዚሁ የስኳር ሥራ የራሷ ዓመታዊ ገበያ አላት።

## ደረጃ 1፦ ለማን እንደሆነ ወስኑ

«ለሙታን ሁሉ» ብላችሁ አትጀምሩ። ስም ያለው ሰው ይኑር። የምግቡ ዓይነት፣ መጠጡ፣ ዕቃው ሁሉ ከዚህ ሰው ነው የሚመጣው።

1. የሟቾቹን ስም ወረቀት ላይ ጻፉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ከሦስት አትብለጡ።
2. ለእያንዳንዳቸው የሚወዱትን አንድ ምግብ፣ አንድ መጠጥና አንድ ዕቃ ጻፉ። መነጽር፣ ባርኔጣ፣ የካርታ መጫወቻ፣ የጥልፍ መርፌ።
3. ፎቶ ምረጡ። ሰውዬው ብቻውን ያለበት ይሁን።

ማስጠንቀቂያ። በሕይወት ያለ ሰው የሚታይበት ፎቶ ኦፍሬንዳ ላይ አይቀመጥም። የሠርግ ፎቶ ላይ አያትዬው ሞተው ባለቤታቸው ካሉ፣ ያ ፎቶ አይሆንም። ያለውን ሰው ከሙታን መቁጠር፣ እንደ ማሟረት ነው። የአማታችሁ ፊት የተለዋወጠው ለዚህ ነው።

የብቻ ፎቶ ከሌለ? የቡድኑን ፎቶ በስልክ አንሡትና የሟቹን ፊት ብቻ ቆርጣችሁ አሳትሙ። ዋናውን ፎቶ በመቀስ አትቁረጡ። ምንም ፎቶ ከሌለ ስሙን በጥሩ እጅ ጽሑፍ ጽፋችሁ ፍሬም ውስጥ አስገቡት። ነውር የለውም።

## ደረጃ 2፦ ቦታውንና እርከኑን አዘጋጁ

ግድግዳ የተጠጋ፣ ከመጋረጃ የራቀ፣ ልጅና ድመት እንደልብ የማይደርሱበት ቦታ ምረጡ። ከማሞቂያ መውጫ በላይ ወይም ፊት ለፊት አታድርጉት፤ አበባውን በአንድ ቀን ያደርቀዋል፣ የሻማውንም ነበልባል ያንገዋልለዋል።

ኦፍሬንዳ ብዙውን ጊዜ እርከን አለው። ሁለት እርከን ሰማይና ምድር ነው። በሦስት እርከን የሚሠሩ መንጽሔን፣ በካቶሊክ እምነት ነፍስ የምትነጻበትን ስፍራ፣ ይጨምራሉ። ሰባት እርከንም አለ፤ እሱን ግን ልምድ ላላቸው ተዉላቸው። ለቤት ሁለት ወይም ሦስት በቂ ነው።

1. ጠንካራ ጠረጴዛ አስቀምጡ። ታጣፊ ጠረጴዛ ከሆነ የእግሩን መቆለፊያ በእጃችሁ ነክታችሁ አረጋግጡ።
2. ላይኛውን እርከን በእንጨት ሳጥን ወይም መጻሕፍት በሞላበት ካርቶን ሥሩ። ባዶ ካርቶን የሻማውን ብርጭቆ ክብደት አይችልም፤ መሐሉ ይሰረጉዳል።
3. መዳፋችሁን ላይኛው እርከን ላይ አድርጋችሁ ወደ ታችም ወደ ጎንም ግፉት። ከተንቀጠቀጠ ምንም ነገር ሳታስቀምጡ አሁኑኑ አስተካክሉ።
4. ጥጥ የሆነ ጨርቅ አልብሱት። ናይለንና ፖሊስተር ብልጭታ ሲነካቸው ቀልጠው ስለሚጣበቁ ሻማ ባለበት አይሆኑም።

## ደረጃ 3፦ የወረቀቱን ጌጥ ቁረጡና ስቀሉ

ፓፔል ፒካዶ ለነፋስ ነው የሚሰቀለው፤ ሲወዛወዝ ነፍሶቹ እንዳለፉ ይቆጠራል። በፑዌብላ ክፍለ ግዛት የሳን ሳልቫዶር ዊስኮሎትላ ባለሙያዎች ብዙ ወረቀት ደራርበው በመዶሻና በመሮ ነው የሚበሱት። እናንተ መቀስ ይበቃችኋል።

1. አራት ወረቀት ደርቡ። ከዚያ ካለፈ መቀሱ ወረቀቱን ያኝከዋል።
2. ለአንገቱ ከላይ 3 ሳንቲ ሜትር ተዉ። በእርሳስ አስምሩና ከመስመሩ በላይ አትቁረጡ።
3. ወርዱን ለሁለት፣ ከዚያ እንደገና ለሁለት እጠፉት። ጠርዙን በስቴፕለር ያዙት።
4. ከእጥፋቱ በኩል ግማሽ ክብ፣ ሦስት ማዕዘንና የአበባ ቅጠል ቁረጡ። በሁለት ቀዳዳ መካከል ቢያንስ የአንድ ጣት ስፋት ወረቀት ይቅር።
5. የስቴፕለሩን ሽቦ ነቅላችሁ ቀስ ብላችሁ ዘርጉት።
6. 3 ሳንቲ ሜትሩን በሲባጎ ላይ አጥፋችሁ በሙጫ ለጥፉ። ስኮች በቶሎ ይለቃል።

ወረቀቱ መሐል ላይ ከተቀደደ ከጀርባው በዚያው ቀለም ቁራጭና በትንሽ ሙጫ ያዙት። ከታች ማንም አያየውም።

ስትሰቅሉ ከጠረጴዛው ጀርባ ግድግዳው ላይ ወይም ከጠረጴዛው ፊት ለፊት ጠርዝ ወደ ታች ይሁን። ከሻማ በላይ ፈጽሞ አትስቀሉ። የሻማ ሙቀት ወደ ላይ ነው የሚሄደው፤ ይህ ወረቀት ደግሞ እሳት ለመያዝ ነበልባሉ እስኪነካው አይጠብቅም።

## ደረጃ 4፦ አበባው

ሴምፓሱቺል የሚሉት ብርቱካናማ፣ ድፍን ያለ ማሪጎልድ ነው። ጠረኑ ጠንካራ ነው፤ ነፍሶቹ ወደ ቤት የሚመሩት በእሱ ሽታና ቀለም ነው ይባላል። ስለዚህ የፕላስቲኩ አበባ ያምራል እንጂ ሥራውን አይሠራም።

1. እንደገዛችሁ ግንዱን በሰያፍ 2 ሳንቲ ሜትር ቁረጡ።
2. ከውሃ በታች የሚገባውን ቅጠል ሁሉ ልቀሙ። የዚህ አበባ ቅጠል ውሃ ውስጥ ሲበሰብስ ሽታው ከባድ ነው።
3. ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ አሳድሩት። ውሃውን በየቀኑ ቀይሩ።
4. ጥቂት አበባ ለይታችሁ የአበባውን ቅጠል ንቀሉ። ከቤቱ በር እስከ ጠረጴዛው መንገድ በትኑ።

ማስጠንቀቂያ። ሲረገጥ ምንጣፍ ያቀልማል። ቀለሙ ቢጫ ነው፤ ከነጭ ምንጣፍ ላይ ማውጣት አበሳ ነው። ምንጣፍ ካላችሁ መጀመሪያ ረጅም ወረቀት አንጥፉና በላዩ በትኑ። የአፓርታማ ኮሪደር ላይ ከመበተናችሁም በፊት አስቡበት። እርጥብ የአበባ ቅጠል ያዳልጣል፤ መንገዱን ከበራችሁ ውስጥ ጀምሩት።

አበባው ቀድሞ ከደከመ ግንዱን እንደገና ቁረጡና እስከ አንገቱ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ለአንድ ሰዓት ንከሩት። ካልተነሣ የአበባውን ቅጠል ነቅላችሁ ለመንገዱ ተጠቀሙበት።

## ደረጃ 5፦ ፓን ዴ ሙዌርቶ

አብዛኛው ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። ዳቦው ክብ፣ ለስላሳ፣ ብርቱካን ብርቱካን የሚሸት ነው። በላዩ ሁለት «አጥንት» ይጠላለፋል፤ መገናኛቸው ላይ ትንሽ ድቡልቡል ትቀመጣለች፤ እሷ ራስ ቅል ናት። አንድ ትልቅ ዳቦ መሐሉ ሳይበስል ጠርዙ ስለሚደርቅ ስምንት ትናንሽ ሥሩ።

ለሊጡ፦

- 500 ግራም ፉርኖ ዱቄት
- 100 ግራም ስኳር
- 7 ግራም ፈጣን ደረቅ እርሾ (አንድ ፓኬት)
- 1 የሻይ ማንኪያ ጨው
- 3 ትላልቅ እንቁላል
- 120 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ወተት
- 120 ግራም የለሰለሰ የገበታ ቅቤ
- የ2 ብርቱካን የተፈቀፈቀ ልጣጭ
- 1 የሾርባ ማንኪያ የብርቱካን አበባ ውሃ

ለላዩ፦ 50 ግራም የቀለጠ የገበታ ቅቤና አንድ ሰሃን ስኳር።

ቅቤው የገበታ ቅቤ ነው ብያለሁ። ንጥር ቅቤ አይሆንም። ኮረሪማና ኮሰረት የሚሸት ፓን ዴ ሙዌርቶ ለእናንተ ሊጥም ይችላል፤ አያትዬው ግን መንገድ የሳቱ ይመስላቸዋል።

ማቡካት

1. ወተቱን በጣታችሁ ሞክሩ። ለብ ማለት አለበት። ጣት ካቃጠለ እርሾውንም ይገድለዋል።
2. ከቅቤው በቀር ሁሉንም ቀላቅሉ። 8 ደቂቃ እሹት። ደርቆ አልሰበሰብ ካለ አንድ የሾርባ ማንኪያ ወተት ጨምሩ።
3. ቅቤውን በአራትና አምስት ጊዜ ከፋፍላችሁ ጨምሩ። እዚህ ላይ ሊጡ ይበታተናል፣ ይንሸራተታል፣ እጅ ላይ ይጣበቃል። የተበላሸ ይመስላችኋል። ዱቄት አትጨምሩ! ለ10 ደቂቃ ያህል ማሸት ቀጥሉ። መልሶ ይሰበሰባል፣ ያብረቀርቃል።
4. ትንሽ ቆንጥራችሁ በጣቶቻችሁ ዘርጉት። ሳይቀደድ ብርሃን እስኪያሳልፍ ከሳሳ ደርሷል። ከተቀደደ ሌላ 3 ደቂቃ እሹት።
5. ክዳን ባለው ሳህን ለብ ያለ ቦታ አስቀምጡት። ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ኩፍ ብሎ እጥፍ ይሆናል።
6. ጨመቅ አድርጋችሁ ፍሪጅ አሳድሩት። ግዴታ አይደለም፤ ግን ጣዕሙ ይጎለብታል፣ ቅርጽ ሲይዝም አያስቸግርም።

ደጋ ላይ ላላችሁ አንድ ቃል። ዴንቨርም ሁኑ አዲስ አበባ፣ ከፍታ ላይ ሊጥ ቶሎ ኩፍ ይላል። ሜክሲኮ ሲቲ ራሷ ወደ 2,240 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ሰዓቱን ትታችሁ ሊጡን እዩ፤ እጥፍ ከሆነ በቃ።

አጥንቱን መሥራት

1. ከሊጡ 150 ግራም ያህል ቁረጡና 2 የሾርባ ማንኪያ ዱቄት እያሻችሁ ጨምሩበት። ይህችን አትዝለሉ። አጥንቱ የሚጠፋው ከዳቦው ጋር እኩል ስለሚነፋ ነው፤ ጠጠር ያለ ሊጥ ቅርጹን ይዞ ይቀራል።
2. የቀረውን ሊጥ ለስምንት ከፍላችሁ አድበልብሉ። የመጋገሪያ ወረቀት ባነጠፋችሁበት ትሪ ላይ አራርቃችሁ ደርድሩና በትንሹ በመዳፋችሁ ጫን አድርጉ።
3. ከአጥንቱ ሊጥ 16 ጣት የሚያህሉ ቁራጮችና 8 ሽምብራ የሚያህሉ ድቡልቡሎች አውጡ።
4. ቁራጩን ሦስት ጣታችሁን ዘርግታችሁ ከጣቶቹ ሥር አንከባልሉት። ጣት ያረፈበት ይቀጥናል፣ በመሐል ያለው ጉብ ይላል። ያ ጉብጉብ ነው የአጥንት መልክ የሚሰጠው። አጥብቃችሁ አትጫኑ፤ ይበጠሳል።
5. አጥንቶቹንና ድቡልቡሎቹን ሸፍናችሁ ፍሪጅ አስገቡ። ዳቦዎቹ ብቻቸውን 40 ደቂቃ ኩፍ ይበሉ።
6. ኦቨኑን 180 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ በፋራናይት 350 ላይ አሙቁ።
7. ዳቦው ላይ በመስቀል ቅርጽ የእንቁላል ነጭ ቀቡ። ሁለቱን አጥንት አጠላልፋችሁ ለጥፉ፤ ጫፋቸው ከዳቦው ሥር ጥቂት ይግባ። መገናኛው ላይ በጣታችሁ ጎድጎድ አድርጉና እንቁላል ቀብታችሁ ድቡልቡሏን ትከሉ።
8. 10 ደቂቃ አሳርፉና ወደ ኦቨን።

መጋገር

ከ18 እስከ 22 ደቂቃ። በ12ኛው ደቂቃ ላይ ቀለሙን ተመልከቱ፤ ከጠቆረ በፎይል ሸፍኑት። ቴርሞሜትር ካላችሁ መሐሉ 88 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ አውጡ።

ስኳሩ ላይ አትቸኩሉ። ዳቦው ከኦቨን እንደወጣ ቅቤ ቀብታችሁ ስኳር ብትነሰንሱ ስኳሩ ቀልጦ ሽሮፕ ይሆናል። ለብ እስኪል ጠብቁ። ከዚያ ቅቤ ቀቡ፣ ሰሃኑ ላይ ባለው ስኳር አገላብጡ።

ከተበላሸ

- *ድቡልቡሏ ተንከባላ ወደቀች።* ጎድጓዳው ጥልቀት አልነበረውም። በጥርስ እንጨት ወግታችሁ መልሱ፤ ሰው ከመብላቱ በፊት እንጨቱን አውጡ።
- *ዳቦው ጠፍጣፋ ሆነ።* ኩፍ ማለቱ አልፎታል። በሚቀጥለው ጊዜ በጣት ጫን አድርጉት፤ የጣቱ ምልክት ቀስ ብሎ ሲመለስ ሰዓቱ ነው፤ ጭራሽ ካልተመለሰ ዘግይታችኋል።
- *ሊጡ ጨርሶ አልተነሣም።* እርሾው ሞቷል። ሌላ እርሾ በለብ ያለ ወተት በጥብጣችሁ ከአንድ እፍኝ ዱቄት ጋር እሹበት። ብዙ ጊዜ ይድናል።
- *ከናካቴው አልሆነም።* የሜክሲኮ ዳቦ ቤት ሂዱ። ኦክቶበርን ሙሉ ይሸጣሉ። ጠረጴዛው ላይ የተገዛ ዳቦ አይታፈርበትም።

ለሚጾሙ፦ ዳቦው ቅቤና እንቁላል አለበት። ቀኑ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከዋለ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥ፣ በማግስቱ ይበላል።

## ደረጃ 6፦ ውሃ፣ ጨው፣ ምግብ

ላይኛው እርከን ላይ ፎቶዎቹን አስቀምጡ። ካቶሊክ ቤት ከሆነ መስቀል ወይም የጓዳሉፔ ማርያም ሥዕልም እዚያው ነው። መካከለኛው ላይ ዳቦው፣ ምግቡና ራስ ቅሎቹ። ታች ደግሞ ሻማው፣ ዕጣኑና የሟቹ ዕቃዎች።

ሁለት ነገር ከቀረ ኦፍሬንዳው ጎደሎ ነው። አንዱ አንድ ብርጭቆ ውሃ፤ ከሩቅ መንገድ የመጣ ይጠማዋል። ሌላው ትንሽ ሰሃን ጨው። ውሃውን በየጠዋቱ ቀይሩት፤ አቧራ የተንሳፈፈበት ውሃ ለእንግዳ አይቀርብም። አንዳንድ ቤተሰብ ታች መታጠቢያ ሳህን፣ ሳሙና፣ ፎጣና መስታወት ያኖራል፤ መንገደኛው ተጣጥቦ እንዲቀርብ።

ምግቡ ሟቹ የሚወደው ይሁን። ሞሌ (በርበሬ ያለበት ወፍራም ወጥ)፣ ታማሌ (በእንፋሎት የበሰለ የበቆሎ ሊጥ)፣ አቶሌ (ትኩስ የበቆሎ መጠጥ) የተለመዱ ናቸው። ሰውዬው ኮካኮላና ድንች ጥብስ ይወድ ከነበረ ኮካኮላና ድንች ጥብስ ነው የሚቀርበው። ቢራም፣ ሜስካል የሚባለው አረቄም ይቀመጣል። ለሕፃን ከሆነ መጫወቻና ከረሜላ፤ በርበሬ ያለበት ነገር አታቅርቡ።

ማስጠንቀቂያ። የበሰለ ምግብ ጠረጴዛው ላይ የሚቀመጠው በትንሽ ሰሃን ነው። የቀረው ፍሪጅ ይግባ። ጠረጴዛው ላይ ከ2 ሰዓት በላይ የቆየውን ሥጋና ወተት ያለበትን ምግብ አትብሉ። ነፍሶቹ ጣዕሙንና ሽታውን ወስደውታል ስለሚባል መጣሉ አያስከፋም። ውሻ ካላችሁ ቸኮሌቱን ከፍ አድርጉ፤ ይመርዘዋል። ብልጭልጭ ወይም ፈርጥ የተለጠፈበት የስኳር ራስ ቅል ደግሞ ለጌጥ እንጂ ለመብል አይደለም፤ ለልጆቹ ቀድማችሁ ንገሩ።

## ደረጃ 7፦ ሻማና ኮፓል

ሻማ

1. በሟች አንድ ሻማ። ከዚያ አንድ ተጨማሪ፤ ማንም ለማያስታውሳት ነፍስ።
2. እያንዳንዱን ብርጭቆ በሸክላ ሰሃን ላይ አስቀምጡ። ብርጭቆው ቢሰነጠቅ ሰሙ ጨርቁ ላይ አይፈስም።
3. ክሩን ወደ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ቁረጡ። ረጅም ክር ጥላሸት ያወጣል፣ ብርጭቆውንም ያሰነጥቃል።
4. ከአበባ፣ ከፎቶና ከወረቀት ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር አርቁ።
5. ስትተኙና ስትወጡ አጥፉ። ቤቱ ሌሊቱን ብርሃን እንዲያድርበት ከፈለገ በባትሪ የሚሠራ ሻማ ተኩ። የሜክሲኮ አያቶች ሻማውን አያጠፉትም፤ የሚያድሩት ግን አጠገቡ ቁጭ ብለው ነው።

ኮፓል

እዚህ ላይ እኛ አንቸገርም። ኮፓል የሚገኝበት ዛፍ ከዕጣንና ከከርቤ ዛፎች ጋር አንድ የዕፅዋት ቤተሰብ ነው። ለቡና የምታጨሱበት ማጨሻ ይበቃል። ኮፓል ካጣችሁ የእኛው ዕጣን ይተካዋል፤ ለሜክሲኮ እንግዶቻችሁ ግን ከየት እንደሆነ ንገሯቸው፣ ይወዱታል።

1. ማጨሻው ውስጥ አሸዋ አድርጉ። ክቡ ከሰል በጣም ስለሚግል ሸክላውን ይሰነጥቀዋል።
2. ከሰሉን በመቆንጠጫ ይዛችሁ ለኩሱ። እየተንጣጣ ይቀጣጠላል። ዙሪያውን አመድ እስኪለብስ ጠብቁ።
3. ሽምብራ የምታህል ኮፓል ጣሉ። ከዚያ በላይ አትጨምሩ።
4. መስኮት ክፈቱ። ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ ይገድላል፤ ይህን አገር ቤት ያደገ ሁሉ ያውቀዋል።

የጭስ ደወሉ ከጮኸ ማጨሻውን ወደ በረንዳ አውጡ፣ በሩን ክፈቱ። ደወሉን አትንቀሉ፤ ባትሪውንም አታውጡ። የቤት ኪራይ ውላችሁ ማጨስ የሚከለክል ከሆነ ኮፓሉን ሳትለኩሱ በትንሽ ሰሃን አስቀምጡት። የትምህርት ቤት ኦፍሬንዳም እንደዚያው ነው፤ ነበልባልም ከሰልም የለም።

## ደረጃ 8፦ በቀኖቹ ምን ይደረግ?

ኖቬምበር 1 ላይ ሕፃን የሞተበት ቤተሰብ ካለ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ፤ ያኛው ቀን ከሁለተኛው ይከብዳል። ኖቬምበር 2 ላይ ቤተሰቡ መቃብር ሄዶ ያጸዳል፣ አበባ ያለብሳል። በሚቾአካን የሃኒትሲዮ ደሴትና በሜክሲኮ ሲቲ ጠርዝ ባለችው ሚስኪክ ሰው መቃብሩ ዘንድ ሻማ አብርቶ ያመሻል። አሜሪካ ውስጥ ግን ብዙ መቃብር በምሽት ዝግ ነው፤ ሰዓቱን ደውላችሁ አጣሩ፣ ሻማ መፈቀዱንም ጠይቁ።

በእንግድነት ከተጠራችሁ ዳቦ፣ አበባ ወይም ሻማ ይዛችሁ ሂዱ። ከጠረጴዛው ላይ ምንም አታንሡ። «ብሉ» እስክትባሉ ጠብቁ። ፎቶ ከማንሣታችሁ በፊት አስፈቅዱ። ስለ ሟቹ ጠይቁ፤ ምን ይወዱ ነበር፣ በምን ይስቁ ነበር። ይህን ጥያቄ ሲሰሙ ቤተሰቡ ሁሉ ነው አፉን የሚከፍተው።

ፊት መቀባት የግድ አይደለም። የምትቀቡት መልክ የካትሪና ነው፤ ሜክሲኳዊው የኅትመት ሠዓሊ ሆሴ ጓዳሉፔ ፖሳዳ የቀረጸው፣ ኋላ ሠዓሊው ዲዬጎ ሪቬራ በ1947 ትልቅ የግድግዳ ሥዕሉ ላይ አልብሶ ያቆማት አጽም። መቃብር ቦታ ተቀብታችሁ ከመሄዳችሁ በፊት የጋበዟችሁን ጠይቁ።

## ደረጃ 9፦ ማንሣት

ኖቬምበር 2 ከሰዓት በኋላ ወይም 3 ጠዋት አንሡ። ለወር የቆመ ኦፍሬንዳ ጉንዳን ይሰበስባል።

1. መጀመሪያ ሻማውንና ከሰሉን። ከሰሉን ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ካልሆነ በቀር ቆሻሻ ውስጥ አትጣሉ፤ ውስጡ ለሰዓታት ይግላል።
2. ዳቦውንና ፍራፍሬውን ለጎረቤትና ለዘመድ አካፍሉ። የደረቀውን ዳቦ ትኩስ ቸኮሌት ውስጥ እየነከራችሁ ብሉት።
3. ፎቶዎቹን በለስላሳ ጨርቅ ጠርጋችሁ ወደ ቦታቸው መልሱ። ጭስ ጠጥተዋል።
4. የወረቀቱን ጌጥ ከነሲባጎው በካርቶን ላይ ጠቅልሉት። ከታጠፈ በእጥፋቱ ይቀደዳል።
5. ጥቂት የአበባ ራሶች ገልብጣችሁ ሰቅላችሁ አድርቁ። ከሥሩ የሚወጣው ቀጭን ጥቁር ዘር ነው። በወረቀት ኤንቨሎፕ አስቀምጡና ጁን መጨረሻ ላይ ዝሩት፤ ለኦክቶበር መጨረሻ ይደርሳል። ከሱቅ የተገዛው ዲቃላ ከሆነ ልጁ እናቱን ላይመስል ስለሚችል አንድ ፓኬት ዘርም ግዙ።